ቅጠሉ ተኝቷል

ሟቿ ባዶ እግሯን ነበረች። የኢንስፔክተሯ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው፤ ዕድሜ ልክ በመቆም ያበጡ፣ ተረከዛቸው የተሰነጣጠቀ የሠራተኛ እግሮች። ሴትዮዋ በደረቷ ተደፍታ እጆቿን ወደ በሩ ዘርግታለች። ግራና ቀኟ እስከ ጣሪያው በተደረደሩ የሽቦ ወንፊቶች ላይ ናና፣ ጦስኝና የሎሚ ሣር ተሰጥቷል። መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ያም ሆኖ ክፍሉ ጭልምልም ያለ ነው። ሳጅኑ የመብራቱን ማብሪያ ደጋግሞ ቢጫነው እንቢ አለ።

«ጫማዋስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ጫማ መገኘት የነበረበት ከደጅ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። የቅጠል ክፍል የሚባለውን ይህን ቤት ማንም ሰው በጫማ አይረግጠውም፤ አቧራ እንዳይገባ ተብሎ የወጣ የድርጅቱ ሕግ ነው፤ አለቃም ሆነ ተራ ሠራተኛ ከደጅ አውልቆ ይገባል። መደርደሪያው ግን ባዶ ነው። ሲፈለግ ሲፈለግ የሟቿ ጫማ በሩ አጠገብ ከቆመው የአበባ መትከያ ጀርባ ተወሽቆ ተገኘ፤ አንዱ ተገልብጦ፣ አንዱ በጎኑ ወድቆ።

ሟቿን ሠራተኛው ሁሉ እቴቴ ይላት ነበር። ድርጅቱ አንዲት ጠባብ ሱቅ ብቻ በነበረው ጊዜ የተቀጠረች አገላባጭ ናት፤ የተሰጣውን ቅጠል በየጊዜው በእጇ እያነሳች ታገላብጣለች፣ እንዳይሻግት ታናፍሳለች። ዛሬ ድርጅቱ በየገበያ ማዕከሉ ቅርንጫፍ አለው። ሻዩ፣ ቅባቱና ሳሙናው ያልገባበት ቤት የለም። በየፓኮው ላይ «ኬሚካል ያልነካው» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጽሑፉም ሥር እጃቸውን ሙሉ ቅጠል ይዘው ፈገግ ያሉ አንዲት ሴት አሉ። መሥራቿ ናቸው። ሠራተኛውም ደንበኛውም «እናትዬ» ይላቸዋል።

እናትዬ ግቢው መሐል ቆመው የሚመጣውን ሠራተኛ እያቀፉ ያለቅሳሉ። አስከሬኑን ያገኘው የእህታቸው ልጅ፣ የሽያጭ ኃላፊው ነው። ማለዳ መጥቶ ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብሎ በሩን ሲከፍት እቴቴን ወድቃ አገኛት፤ ከዚያም አየር ይግባ ብሎ መስኮቶቹን ከፈተ። ኢንስፔክተሯ ከወንፊቶቹ ሥር በየሳህኑ የተቀመጠ ግራጫ ዱቄት አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ዐመድ ነው፤ ለጉንዳን» አላት። «እኛ ጋ ኬሚካል የሚባል ነገር አይታሰብም።»

መልሱ ውሃ የሚያነሳ መሰላት። ወደ በሩ ስትመለስ በግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የነሐስ ሚዛን አየች። ከሰል የመሰለች ጥቁር ሆናለች። ንጽሕናን እንዲህ በሚወድ ቤት አንድ ሰው ሚዛን ይወለውላል ብላ ታዘበችና አለፈች።

የጣቢያው አዛዥ እሷን አልጠበቀም። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ገዳዩ ዘበኛው ነው። አዛዡ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል። ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ስትደርስ አዛውንቱ ዘበኛ ታስረው፣ ልጃቸው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ልጅቷ ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

«አባቴ ጉንዳን ረግጦ የሚያዝን ሰው ነው» አለቻት። «በዚህ ዕድሜው ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ቢፈረድበት እዚያው ነው የሚሞተው።»

ኢንስፔክተሯ የታሳሪ ዘመድ ሁሉ እንዲህ እንደሚል ታውቃለች። ሆኖም አዛውንቱን ስታያቸው የልጅቷ ቃል ከበዳት። ትከሻቸው ወድቆ፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ያሻሹታል።

ቁልፉን ከየት እንዳገኙት ሳያቅማሙ ነገሯት። ቅጠሉ ሲተኛ የክፍሉ ቁልፍ ከእናትዬ እጅ አይወጣም። ያን ዕለት ግን ከምሳ በኋላ ጠርተዋቸው፣ «ያዝልኝ፤ ቅጠሉ ተኝቷል፤ እስከ ነገ ማንም እንዳይከፍት» ብለው ሰጧቸው። እቴቴ ስትገባ አላዩም፤ በዚያ ሰዓት ዋናው በር ላይ ሊጎበኙ ለመጡ እንግዶች የመኪና በር እየከፈቱ ነበር።

«ከክፍሉ ድምፅ ሰምተዋል፣ አባባ?»

አዛውንቱ ቆባቸውን ማሻሸት ተዉ። ከዚያ በኋላ ብትለምናቸውም ብትቆጣቸውም አንድ ቃል አልወጣቸውም። አዛዡ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ዝምታ ማመን ነው ብሎ በሁለተኛው ቀን ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንዲቀርቡ ወሰነ።

እናትዬ ስለ ቁልፉ ሲጠየቁ ደረታቸውን ያዙ። «እኔ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ቁልፍ ሁሌም ከዘበኛ ጋ ነው። ምስኪን ሽማግሌ ነው፣ ምን እንዳሳተው እንጃ፤ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።» ይህን የተናገሩት ሌላ ሰው ስለ እሳቸው በሚያዝንበት ድምፅ ነው። ኢንስፔክተሯ እውነቱን ለመናገር አመነቻቸው። የእናቷን የጉልበት ሕመም የሚያስታግሰው የእሳቸው ሻይ ነው፤ ያንን ፈገግታ ዘወትር ጠዋት ከቁርስ ገበታ ላይ ታየዋለች።

የመጀመሪያው ሌላ ተጠርጣሪ የሟቿ ታናሽ ወንድም ነበር። የወላጆቻቸውን ቤት እንሽጥ እያለ ሲጨቀጭቃት ኖሯል፤ ባለፈው ሳምንትም ጎረቤት እየሰማ፣ «ከዚህ ቤት ሬሳሽ ነው የሚወጣው» ብሏታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሳጅኑ ሰውየውን አንጠልጥሎ አመጣው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ያን ዕለት መኪናው ተበላሽቶበት ቀኑን ሙሉ ከሁለት መካኒኮች ጋር ከሥሩ ተኝቶ እንደዋለ መካኒኮቹም፣ ሲሰድቡት የዋሉት ተሳፋሪዎችም መሰከሩ። ሰውየው ግን ነፃ ነህ ሲባል አልሄደም። ተናድጄ ያልኩት ነው እያለ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ሁለተኛዋ የማሸጊያ ክፍሉ ኃላፊ ናት። ከእቴቴ ጋር ዓይንና ናጫ እንደነበሩ ራሷ ሽንጧን ገትራ ተናገረች።

«አልዋሽሽም፣ አልወዳትም ነበር። ገና አልደረቀም እያለች የሞላ ሣጥን ትመልስብኝ ነበር። ሱቆቹ ዕቃ አለቀ ብለው ይጮሁብኛል፣ እሷ እዚያ ቅጠል ታሸታለች።»

የቅጠል እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ለኢንስፔክተሯ ያስረዳቻትም እሷ ናት። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ከመታሸጉ በፊት መስኮት ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሰው ሳይገባበት ለቀናት ያርፋል። በሩ ላይ «ዝም በሉ፤ ቅጠሉ ተኝቷል» የሚል ቆንጆ የእንጨት ሰሌዳ ይሰቀላል። እናትዬ ያመጡት አሠራር ነው፤ በየፓኮው ጀርባ ታሪኩ ታትሟል፤ ደንበኛ ይወደዋል። እቴቴ ብቻ አልተዋጠላትም። ቅጠል ታፍኖ አያርፍም፣ ይሻግታል እንጂ ትል ነበር።

«ያን ዕለት ትልቅ ገዢዎች ሊጎበኙን ነበርና ሁላችንም ነጭ ካፖርት ለብሰን ማሸጊያ አዳራሹ ውስጥ ተሰልፈናል። እሷ ሾልካ ወጣች። ላገላብጠው ነው፣ ቶሎ እመለሳለሁ አለችኝ። ገላገለችን ብዬ ዝም አልኩ።» ይህን ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ አንዱ ለአንዱ ምስክር ነው። ኢንስፔክተሯ ከዚያ ስትወጣ እጇ ላይ የቀሩት አዛውንቱ ዘበኛ ብቻ ነበሩ።

በማግሥቱ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ደወለ። ልብ ድካም አይደለም አላት፤ ሳንባዋ ውሃ ሞልቷል፤ አንድ የሚመርዝ ነገር ተንፍሳለች። ቀጥሎ የተናገረው ኢንስፔክተሯን ከመቀመጫዋ አስነሳት። የሟቿ የቀኝ እጅ አንጓዎች ተልጠዋል፣ ጥፍሮቿ ተሰብረዋል።

«በር ስትደበድብ ነበር» አለ ሐኪሙ።

በር ስትደበድብ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ዘግታ ካፖርቷን አንስታ ወደ ድርጅቱ ተመለሰች።

የቅጠል ክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ የድርጅቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ ከማብሪያው ጋር እየታገለ አገኘችው። እያጉረመረመ ነው። የሌላው ክፍል ማብሪያ ዓመት ሲቆይ የዚህ ክፍል ወር አይሞላውም፤ ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሮ ይበላል። እርጥበት ነው እንዳይል ከግቢው ሁሉ ደረቁ ክፍል ይህ ነው። ቢናገርም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውታል፤ ዝም ብለህ ቀይር ነው መልሳቸው።

ኢንስፔክተሯ ጥቁሩን የማብሪያ ሆድ ተቀብላ አየችው። ከዚያ በግድግዳው ላይ ወዳለችው ሚዛን ዞረች። ሳጅን በነበረችበት ዘመን፣ በአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ጓዳ ውስጥ የተኙ ባልና ሚስት ሞተው ተገኝተው ነበር። ነጋዴው ለነቀዝ ብሎ በጆንያዎቹ መካከል ክኒን አስቀምጧል። ክኒኑ ጋዝ ይሆንና ነቀዙን ይፈጃል፤ ሰውም ከገባ ሰውን ይፈጃል፤ የሚቀረው ዐመድ የመሰለ ዱቄት ብቻ ነው። የዚያም መጋዘን የበር እጀታ እንዲሁ ጠቁሮ ነበር። ባለሙያው ያኔ፣ ይህ ጋዝ መዳብና ነሐስ ይበላል ብሎ ነግሯት ነበር።

ከሳህኖቹ አንዱን ይዛ ወደ ሽያጭ ኃላፊው ቢሮ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ይህን ዐመድ ላቦራቶሪ ልልከው ነው። ከመላኬ በፊት የምትለኝ ካለ አሁን በለኝ።»

ሰውየው ሳህኑን እንደ እባብ አየው። ለመዋሸት አፉን ከፍቶ ነበር፤ የወጣው ግን እውነቱ ነው። አንዴ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሚያቆመው ጠፋ። አንድ ሱቅ ሳሉ ቅጠሉ እንደደረቀ ይሸጥ ነበር፤ ነቀዝ አያገኘውም። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ሲከፈት ግን ክምችት መያዝ ግድ ሆነ። የተከማቸው ቅጠል ነቀዝ አወጣ። አንዲት ደንበኛ ከሻይ ፓኮ ውስጥ ትል አግኝታ ሱቅ ውስጥ ጮኸች። አክስቱ በዚያው ሳምንት ክኒኑን አምጡ አሉ፤ የቅጠል እንቅልፍ የሚባለውም ታሪክ የዚያን ጊዜ ተፈጠረ።

«ከክኒኑ ጋር የሚመጣ ማስጠንቀቂያ የለም?»

«አለ። የራስ ቅል የተሳለበት። በር ላይ ለጥፉ ይላል።» አንገቱን ደፋ። «እሱን ለጥፈን ማን ይገዛናል? ሰሌዳውን ሰቀልንበት።»

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛውን በጥፊ ብትመታው ደስ ባላት። ሠላሳ ዓመት ቅጠል ስታናፍስ የኖረች ሴት ክፍሉ ታፍኗል ብላ፣ ሥራዬ ነው ብላ፣ መስኮት ልትከፍት ገብታለች። የራስ ቅል ብታይ ኖሮ አትገባም ነበር። ያየችው ግን ቅጠሉ ተኝቷል የሚል ቆንጆ ጽሑፍ ነው።

ስለ መቆለፉ ግን ሰውየው ምሎ ተገዘተ። ክኒኑን ከዋዜማው አስቀምጦ፣ መስኮቶቹን ከውጭ ቀርቅሮ የበሩን ክፍተት በፕላስተር አሽጓል። ጠዋት አክስቱ፣ ፕላስተሩ በእንግዳ ፊት ያስቀይማል፣ ላጠው አሉት፤ ላጠው። ቁልፉን በእጃቸው ሰጥቷቸው እንግዳ ሊቀበል ሲሄድ ጓጉንቸሩ ክፍቱን ተንጠልጥሎ ነበር።

ያን ዕለት ኢንስፔክተሯ ለምሳ ቤቷ ጎራ ስትል እናቷ ሻይ አፍልታ ልትቀዳ ነበር። ፓኮውንም ማንቆርቆሪያውንም ከእጇ ነጥቃ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። እናቷ ምን ነካሽ ብላ ተቆጣች። በፓኮው ላይ ያሉት ሴት አሁንም ፈገግ እንዳሉ ነበር።

የቀረው የጓጉንቸሩ ነገር ነው። ድርጅቱ የጉብኝቱን ቪዲዮ በገጹ ላይ ለቆት ብዙ ሰው አይቶታል፤ እናትዬ በተዘጋው በር ፊት ቆመው ስለ ቅጠል እንቅልፍ ሲያወሩ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከላዩ ተጭኖበታል። የቀረጸችው ከጎብኚዎቹ አንዷ ናት፤ የትልቅ ሱፐርማርኬት የግዢ ኃላፊ። ኢንስፔክተሯ ቢሮዋ ድረስ ሄዳ፣ ሙዚቃ ያልተጫነበትን ከነቆሻሻው ማየት እንደምትፈልግ ነገረቻት። ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ ከፈተችላት።

እናትዬ ከፊት ከፊት እየሄዱ ይስቃሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ወደ መደርደሪያው ወረደ። አንድ ጥንድ ያረጀ ጫማ ተቀምጧል። ፈገግታቸው ሳይጎድል፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ በእግራቸው ጠርገው ወደ አበባው ጀርባ ከተቱት። ቀጥለው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆሙ። በሩ ከኋላቸው በትንሹ ተንቀሳቀሰ። ተደገፉት። እጃቸው ወደ ኋላ ሄደ፤ ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል በግልጽ ይሰማል።

ከዚያ ማንኳኳት ተሰማ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በኃይል።

«ምንድን ነው?» ይላል የጎብኚዋ ድምፅ።

«ቅጠሉ ነዋ» ይላሉ እናትዬ። «ሲተኛ ይገላበጣል።» ከካሜራው ጀርባ ሰዎች ይስቃሉ።

የግዢ ኃላፊዋ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ኢንስፔክተሯ ስልኩን ከፊቷ አንስታ በኤግዚቢትነት መያዙን ነገረቻት።

እናትዬን ያገኟቸው አዲስ ቅርንጫፍ ሲያስመርቁ ነው። እቴቴ ተቀብራ አፈሩ ሳይደርቅ እሳቸው ፊኛ አሰቅለው፣ በር ላይ ቆመው ለደንበኛ ናሙና ሻይ ያድላሉ። ኢንስፔክተሯ ወደ ጓዳው ጠርታ ቪዲዮውን ከፈተችላቸው። እስከ መጨረሻው አዩት፤ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«የስንት ሰው ጉሮሮ በእኔ ላይ እንደተንጠለጠለ ታውቂያለሽ?» አሉ። «እዚያ በር ላይ ሰው እያሳለ ቢወጣ፣ በእነዚያ ሰዎች ፊት፣ ሁሉም ነገር በዚያች ደቂቃ ያበቃ ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ ልከፍትላት ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ከዚህ በኋላ አንቱታውን ተወችው።

«ለምን አልከፈትሽም?»

«ውሉን ተፈራረምን። ምሳ እንብላ አሉ፤ ምሳው ቆየ።» ስለ ሰው ሕይወት ሳይሆን ስለ ዘገየ ዕቃ የምታስረዳ ነበር የምትመስለው። «ስመለስ በሩ ላይ ጆሮዬን አሳረፍኩ። ዝም ብላለች። ከዚያ ወዲያ መክፈቱ ማንን ይጠቅማል?»

«ስለዚህ ቁልፉን ለሽማግሌው ሰጠሽ።»

ሳጅኑ ካቴናውን ሲያጠልቅላት ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች እናትዬን ለምን ትነኳታላችሁ ብለው ፖሊሶቹን ከበቧቸው፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ኢንስፔክተሯን የእጅሽን ይስጥሽ ብላ ረገመቻት። የኢንስፔክተሯ ንዴት ለእነሱ የሚተርፍ አልነበረም።

ጣቢያ ስትደርስ አዛዡ ቢሮውን ዘግቶ ስልክ ያወራል። የዘበኛውን መፈቻ ራሷ አስፈርማ፣ የማረፊያ ቤቱን በር ራሷ ከፈተች። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ የምሥራቹን ሰምታ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች።

«ነፃ ነዎት አባባ። ማን እንደቆለፈው በቪዲዮ ታይቷል። ይነሡ፣ ልጅዎ እየጠበቀችዎት ነው።»

አዛውንቱ አልተነሡም።

«በቪዲዮው ማንኳኳቱ ይሰማል አሉ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ይሰማል።»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ ልጄ።» ቆባቸውን ጨመደዱት። «የእንግዶቹን ስጦታ ካርቶን ተሸክሜ ከኋላ ቆሜ ነበር። ደጋግሞ ተንኳኳ። የሰው እጅ መሆኑን ልቤ ነግሮኛል። እናትዬ ቅጠሉ ነው አሉ። እንግዶቹ ሳቁ።»

ቆባቸውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

«እኔም አብሬ ሳቅሁ።»

ያን ሁሉ ቀን ያልተናገሩት ይህንን ነበር። ኢንስፔክተሯ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ልትላቸው አስባ ተወችው፤ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። ልጃቸው መታገሥ አቅቷት ገባች። አባቷን አንገታቸውን አቅፋ በደስታ አለቀሰች፤ አዛውንቱ ግን ፊታቸውን ከእሷ ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።